መጨረሻው የተቆረጠ ዘፈን

«የምንጊዜም ምርጥ ዘፈን የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው አልወደውም። ምን በደለኝ ቢሉኝ ምንም። ሥራ ፈት ይጠይቃል፣ ሥራ ፈት ይመልሳል፣ ቀኑ ይመሻል፤ ሌላ ጉዳት የለውም። እኔ ግን ጥያቄውን በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይጠቁራል። ሰው አይቶ «ምን አልኳት?» ይላል።

በቀደም ከፍላቂት ወደ ላሊበላ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ሰዎች እየደወሉ የምንጊዜም ምርጥ የሚሉትን ዘፈን ይመርጣሉ፤ አንዱ የመረጠውን ሌላው ደውሎ ያጣጥላል። ሹፌሩ ነገሩ ጣመውና እሱም በተራው ተሳፋሪውን ይጠይቅ ጀመር። የገብስ ጆንያ በእግሯ መሃል ያቆመች ሴትዮ የሰርግ ዘፈን መረጠች። ከጎኗ የተቀመጡ ባለጥምጥም ቄስ «እኔን ተወኝ ልጄ፣ የኔ ምርጫ ቅዳሴ ነው» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። ረዳቱ የመረጠውን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ከዚያ ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«እትዬ፣ እርስዎስ?»

«እኔ አልመርጥም።»

«ኧረ ባክዎ! ዘፈን የማይወድ የወሎ ሰው አለ እንዴ?»

«አንተ መንገድህን እይ» አልኩት፤ ቁልቁለት ላይ ነበርን። ተሳፋሪው በሳቅ አውካካ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። አልመርጥም ያልኩት ውሸት ነው። ከመረጥኩ ስንት ዓመት ሆነኝ። የመረጥኩበትን ምሽት ግን በሚኒባስ ውስጥ የሚያወራ ሰው የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ወታደር ነው። ደርግ የወደቀ ሰሞን የተበተነው ጦር በእግሩ ወደየአገሩ ይጎርፍ ነበር። አንዱ በራችን ላይ ደረሰ። እግሩ አብጦ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ጠመንጃ የለ ምን የለ፤ በክንዱ አንድ ጥቁር ቴፕ ብቻ ታቅፏል። እናቴ አስገባችው። አባታችን ገና በልጅነታችን ስላረፈ ቤቱ ውስጥ እሷና እኔ፣ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜም ብቻ ነበርን። ጎረቤት «የማታውቂውን ወታደር እንዴት ታስገቢያለሽ?» ቢላት «የሰው ልጅ ነው፣ የሆነ ቦታ የምትጠብቀው እናት ትኖረዋለች» አለች። እግሩን አጠበችው፣ አበላችው፣ ለመንገዱ በሶ በከረጢት ቋጠረችለት። ጠዋት ሲነሣ ቴፑን መደብ ላይ ትቶላት ሄደ። «እናቴ፣ እኔ በሶው ይሻለኛል» አላት። እናቴ ቴፑን እየገላመጠች «ይኼ ደግሞ ምን ይበላል?» ብላ ጠየቀችን።

የሚበላውስ የባትሪ ድንጋይ ነበር፤ ያውም አይጠግብም። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፉ የመጣ ሽማግሌ ይሆናል። ያኔ ድንጋዮቹን አውጥተን አጥሩ ላይ ፀሐይ እናሞቃቸዋለን፤ ሲግሉ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። የካሴቱ ክዳን ስለተሰበረ በላስቲክ ነው የምናስረው። ወንድሜ ከትምህርት ቤት መልስ አብያተ ክርስቲያናቱ በር ላይ የቱሪስት ጫማ ይጠብቅ ነበር፤ ከዚያ የሚያገኛት ሳንቲም ወይ ለድንጋይ ወይ ለካሴት ትሄዳለች። እናቴ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ጨው ትሸጣለች። «እኔ በርበሬ እሸጣለሁ፣ ልጄ ድንጋይ ይገዛል፤ ይኼ ቤት መቼ ይደላዋል?» ትል ነበር።

ያን ጊዜ ከተማችን ውስጥ አንድ ዘፈን ቤት ነበረ። ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄዳለህ፣ ባለቤቱ የመረጥከውን ይቀዳልሃል። አንድ ቀን ወንድሜ እንዲህ ያስቀዳትን ካሴት ይዞ መጣ። ባለቤቱ የአንደኛው ጎን ማለቂያ ላይ ትንሽ ቦታ ቢተርፍበት፣ ባዶ ከሚሆን ብሎ ያላዘዝነውን ዘፈን ጨምሮበታል። ዘፋኙ ማን እንደሆነ እሱም አያውቀውም። በወልድያ በኩል አንድ ሰርግ ላይ የተቀዳ የአዝማሪ ዘፈን ነው፤ በአምባሰል ቅኝት። ሰው ሲያጨበጭብ፣ ሕፃን ሲያስል፣ ከኋላ አንድ ሰውዬ «ድገመው!» ብሎ ሲጮህ ይሰማል። ማሲንቆው መሃል ላይ አንድ ጊዜ ይስታል፤ አዝማሪው ራሱ ይስቅበታል። ታዲያ ዘፈኑ እየሞቀ፣ እየሞቀ ሄዶ አዝማሪው

የላስታው ደጋ ላይ ገብሱ ሲያጎነብስ፣

ሲል ቀጭ። ካሴቱ አለቀ። ስንኙ ቤት ሳይመታ ቀረ። ገብሱ ሲያጎነብስ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

ወንድሜ በዚያች ዘፈን አበደ። እኔ ደግሞ በዚያው ካሴት በሌላኛው ጎን ያለች የከተማ ዘፈን ነበረችኝ። ኦርጋን አላት፣ ሳክስፎን አላት፣ ዘፋኟ ስትተነፍስ ሁሉ ታምራለች። የምንጊዜም ምርጥ የሚል ጨዋታ የጀመርነው ያኔ ነው። እሑድ እሑድ እንደ ኳስ ጥሎ ማለፍ ሁለት ሁለት ዘፈን እናጋጥማለን፤ የተሸነፈው ዳግመኛ አይወዳደርም። ስንትና ስንት ስመ ጥር ዘፋኝ በእኛ መደብ ላይ ወደቀ! በመጨረሻ የኔና የሱ ብቻ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ቆሞ ጭቅጭቅ ሆነ።

«ያንቺዋ ሽቶ የተቀባች ናት» ይለኛል። «ሽቶው ሲጠፋ ምን ይቀራታል?»

«ያንተስ? መጨረሻ የሌለው ዘፈን ምርጥ ይባላል?»

«መጨረሻዋ አለ። እኛ ጋ አልደረሰም እንጂ።»

«ያልደረሰ ነገር አይቆጠርም።»

እናቴን ዳኛ እናድርግሽ ብንላት «አታድርቁኝ! ሁለቱም በርበሬ አይፈጩልኝም» አለችን።

ወንድሜ ዘፈን ቤት ሄዶ ሙሉውን ቢጠይቅ ዋናው ካሴት የሌላ ሰው ነው፣ ሰውዬው ይዞት ደሴ ገብቷል ተባለ። መጨረሻዋን ስላጣናት ራሳችን እንጨርሳት ጀመር። ምሳ ላይ ድስት እየጠረግሁ ሲያገኘኝ በአዝማሪው ድምፅ ይቀጥልልኛል፦

እህቴን አየኋት ድስቱን ስትልስ።

እኔም አልምረውም። ጠዋት መነሣት ሞቱ ነበርና፣ ብርድ ልብሱን እየገፈፍኩ

ወንድሜ ይተኛል ፀሐይ እስክትደርስ

እለዋለሁ። ያቺን ስንኝ ከዚያ ወዲህ በአፌ አላዞርኳትም። ዛሬ ለመጻፍ እንኳ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር።

የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት ተቀምጦ ነበር። ከየቀበሌው ወጣት ሲመዘገብ እሱም ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ ተመዘገበ፤ ለእናቴ የነገራት ከተመዘገበ በኋላ ነው። አልጮኸችበትም። ያን ለት ገብስ ቆላች፣ አስፈጨች፣ በሶ ቋጠረች። ስትቋጥር አየኋት፤ ያንን እግሩ ያበጠ ወታደር እያሰበች እንደነበር ሳትነግረኝ አውቃለሁ። የሆነ ቦታ የሆነች እናት ልጇን እንድታስገባላት እያሰበች።

መኪናው ላይ ሲወጣ ካሴቷን ሰጠኝ። «የኔን ጎን እንዳታጫውቺያት፣ ክሩ ይበላል። እኔ ስመጣ አብረን እንሰማታለን። በወልድያ በኩል ሳልፍ መጨረሻዋን ፈልጌ አመጣለሁ፤ ያኔ አንቺ ምን እንደምትዪ እናያለን።»

«ይዘህ ካልመጣህ አሸንፌሃለሁ ማለት ነው» አልኩት።

ሳቀ። ጓደኞቹም ሳቁ። መኪናው ሄደ።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ሁኔታ ተገለበጠ። ድንጋይ አባከናችሁ እያለች ስታማርረን የነበረችው እናቴ ቴፑ እንዲዘጋ የማትፈልግ ሆነች። በኛ አገር ቴፕና ሬዲዮ የሚዘጋው ሐዘን ሲገባ ነው። ሰው የሞተበት ቤት ዘፈን አይከፍትም፤ ጎረቤቱም አብሮት ይዘጋል። ስለዚህ ቤቱ ዝም ሲል እናቴ ትደነግጣለች። «ክፈቺ እንጂ፣ ምን ያሟርትሻል! ልጄ በሰላም ቦታ ነው ያለው» ትለኛለች። እከፍታለሁ። ሁልጊዜ ግን የኔን ጎን፤ የሱን አላጫወትኩም። የኔዋ ዘፈን በጨዋታ ብዛት ድምፅዋ ተልጦ፣ ሳክስፎኑ የተሰነጠቀ ጡሩምባ ሆነ። ሽቶው ሲጠፋ ምን ይቀራታል ያለው ልክ ነበር፤ ለማን ልንገረው?

ጦርነቱ አለቀ ተባለ። የተመለሰ ተመለሰ። የእኛ ሰፈር አንዱ ልጅ «በደኅና አይቼዋለሁ» አለን፣ ሌላው «እኔ አላየሁትም» ብሎ ዓይኑን ሰበረ። እናቴ አየሁት ያለውን ብቻ አመነች። ክረምት ሄደ፣ በጋ መጣ፣ እንደገና ክረምት ሄደ። ከዚያ ወሬ መምጣት ጀመረ። «በኩልመስክ በኩል መርዶ ይነገራል አሉ።» «በፍላቂት በኩልም ተጀምሯል።» ስሙን የሚጠራው አጥቶ የቆየው ሁሉ ባንድ ሰሞን ይረዳ ጀመር።

መርዶ ማታ አይነገርም። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ሐዘንተኛው በልቶ፣ ትንሽም ቢሆን አርፎ ይደር ይባላል። የሚመጡት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌዎቹ፣ የነፍስ አባት፣ ጎረቤት ተሰብስበው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ጎህ የምንፈራው ሰዓት ሆነ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም ጨለማ ውስጥ ተነሥተን እንቀመጣለን። ፀሐይ ስትወጣ እናቴ ትልቅ ትንፋሽ ተንፍሳ «እሰይ፣ ነጋ» ትላለች። ፀሐይ ከወጣች ያን ቀን ልጇ በሕይወት አለ ማለት ነው።

እኔ ያን ጊዜ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ወደ ማታ ከሥራ ስመለስ ሰፈራችን ደረስኩና እግሬ ቆመ። የሆነ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ከእኛ ቤት ቀጥሎ ጠላ ቤት አለ፤ ባለቤቷ ቴፕዋን ከጠዋት እስከ ማታ ታስጮኸዋለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያተኛው ስለሚገባ ይብስባታል። ቴፑ ዝም ብሏል። ጠጪዎቹ ግን አሉ። ብርጭቆአቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ በሹክሹክታ ያወራሉ። ሲያዩኝ እሱንም ተዉት።

የጠላ ቤቷ እትዬ ወደ አጥሩ መጣች። አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሌላ ጊዜ ብታየኝ ቀልዷ አያልቅም ነበር።

«እናትሽን እራት በደንብ አብያት» አለችኝ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም። ዞራ ገባች።

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ያን አጥር፣ ድንጋዮቻችንን ፀሐይ የምናሞቅበትን። ማልቀስ አልችልም፤ ካለቀስኩ እናቴ ታውቃለች፤ ሳይነጋ እንድታውቅ ማድረግ ደግሞ በኛ አገር ከግፍ ይቆጠራል። ፊቴን ነጠላዬ ላይ ደጋግሜ ጠረግሁና ገባሁ።

እናቴ ምድጃው አጠገብ ናት። ሽሮውን ቅቤ ጨምራበታለች። መደቡ ላይ ቴፑ ተቀምጧል፣ አጠገቡ አዲስ የባትሪ ድንጋይ፣ ገና ከነወረቀቱ። እናቴ በሕይወቷ የባትሪ ድንጋይ ገዝታ አታውቅም።

«ገበያው እንዴት ዋለ?» አልኳት፣ ድምፄ እንዳይሰበር እየተጠነቀቅሁ።

«ጥሩ ነው። ሁሉም ተሸጠልኝ፤ ለዚህ ነው ድንጋይ የገዛሁልሽ። ነይ ብዪ።»

አጎረስኳት። በላች። እሷም አጎረሰችኝ። በየጉርሻው መሃል ውኃ እጠጣለሁ። ጠግቤአለሁ ስላት «ብዪ የኔ ዓለም፣ ነገ ጉልበት ያስፈልግሻል» እያለች ትጨምርብኛለች። እኔም «አንቺም ብዪ እንጂ እማ» እያልኩ እጨምርባታለሁ። እንዲህ እየተጎራረስን ትሪው ባዶ ሆነ። በዚያ ቤት ውስጥ ትሪ እንዲያ ጸድቶ አያውቅም።

እጃችንን ታጥበን እንደጨረስን እናቴ መደቡ ላይ ጋደም አለች።

«በይ እስቲ ዘፈን ክፈቺ» አለችኝ። «ከሁሉ የሚበልጠውን።»

አዲሶቹን ድንጋዮች ከተትኩ። ካሴቷን አነሣኋት። ፊቴን እንዳታየው ጀርባዬን ሰጠኋት። እኔ የማውቀውን እሷ አታውቅም። ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። ነገ ይኼ ቴፕ በነጠላ ይሸፈናል። እናቴ ልጅ አለኝ ብላ የምትሰማው የመጨረሻ ዘፈን ይኼ እኔ አሁን የምከፍተው ነው። እሑድ እሑድ ስናጋጥማቸው ከነበሩት ዘፈኖች ሁሉ አንዱን ብቻ። ለዚህ ሰዓት የሚሆን ዘፈን የትኛው ነው? ካሴቷ እንደ ልማዷ በኔ ጎን ናት። ላስቲኩን ፈታሁት፣ አወጣኋት፣ ገለበጥኳት፣ ከፈትኩ።

ዘፈኑ እንደ አዲስ ነበር። ስላልተነካ አልተላጠም። ጭብጨባው፣ የሕፃኑ ሳል፣ «ድገመው!» የሚለው ሰውዬ ሁሉም እንደነበሩ አሉ። ማሲንቆው ሳተ፣ አዝማሪው ሳቀ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ቀስ በቀስ ተነሥታ ተቀመጠች። ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ፤ መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዚያ በደንብ። እናቴ ተቀምጣ እስክስታ ወረደች። ከአባቴ ሞት ወዲህ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም። እኔም አጨበጨብኩላት። ምን ላድርግ? አጨበጨብኩላት። እንባዬ ሲመጣ የሳቅ አስመስዬ ጠረግሁት። እሷም ፊቷን ጠረገች፤ «ላብ በላብ አደረገኝ» አለች።

የላስታው ደጋ ላይ ገብሱ ሲያጎነብስ፣

ቀጭ።

«አለቀች?» አለችኝ።

«እዚህ ላይ ነው የምትቆረጠው፣ እማ።»

«ድገሚያት።»

ድንጋዩን ለመቆጠብ በእስክሪብቶ አጠንጥኜ ደገምኩላት። አሁንም ድገሚ አለች፣ አሁንም ደገምኩ። ጎረቤቱ ሁሉ በየቤቱ ተቀምጦ እየሰማን ነበር። ምን ብለው ይሆን? በኋላ እንደነገሩኝ የጠላ ቤቷ እትዬ ጆሮዋን ይዛ ስታለቅስ ነበር።

ሌሊቱን አላወራውም። ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። እኔ ዘልዬ ስነሣ እናቴ ቀድማኝ ተነሥታለች፣ ለብሳለች፣ ቤቱን ጠርጋለች፣ ዱካዎቹን በግድግዳው ዙሪያ ደርድራለች። የነፍስ አባታችን ከፊት ገቡ። መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ።

«ይቀመጡ አባቴ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ልጅሽ ከሄደበት አይመለስም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት የሰማ ሰፈርተኛ ይንገራችሁ፤ እኔ ቃል የለኝም። ድንኳን ተጣለ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፤ የተማሪ ቤት ፎቶው ነበር መሃል ላይ የቆመው። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለበስን። ሙሾ አውራጇ መጥታ ስለ ወጣትነቱና ስለ ቁመናው አወረደች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። አዋቂ ናት፣ ነገር ግን ልጁን አታውቀውም፤ ለማንም የሚሆን ሙሾ ነበር። እናቴ ድንገት ተነሥታ መሃል ገባች። ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። በዚያችው በምናውቃት ዜማ፣ በአምባሰሉ፣ እንዲህ አለች፦

የላስታው ደጋ ላይ ገብሱ ሲያጎነብስ፣
እኔ ቆሜ ቀረሁ ልጄ እስኪመለስ።

ድንኳኑ ተናወጠ። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ወንዶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔ ፎቶው ሥር ወደቅሁ። ይዤ እመጣለሁ ያላት መጨረሻ ይቺ ነበረች።

ቴፑ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ሣጥኑ ላይ ወጣ። የጠላ ቤቷ እትዬ ቴፕዋን ዘጋች፤ ወጣቱ ጠጪ ዘፈን ወዳለበት ሄደባት፣ ምንም አላለችም። አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ ራሷ አጥሩ ጋ ሄዳ «ክፈቺ እህቴ፣ እንጀራሽ ነው» ብትላት እንኳ፣ ስትከፍት ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ከእኛ በኩል ያለውን መስኮት ዘግታ ነበር። የእኛ ቤት ግን ዓመቱን ሙሉ ዝም እንዳለ ቆየ።

ዓመቱ ሲደርስ ተዝካሩ ወጣ። ሴቶቹ መጥተው ጥቁር ልብሳችንን አስወለቁን፣ ፀጉራችንን አሠሩን። ከዚያ በሰሞኑ አንድ ቀን እናቴ ደጅ በርበሬ ትወቅጣለች፣ እኔ እለቅማለሁ። የጎረቤት ዘፈን ከሩቅ ይሰማል።

«እማ፣ ቴፑን ላውርደው?» አልኳት።

«ቆይ» አለች። ዘነዘናዋን ሙቀጫው ላይ አስደገፈች። «ያን ለት ማታ ያላወቅኩ መስሎሽ ነበር?»

በእጄ የያዝኩት በርበሬ ወደቀ።

«ያን ቅዳሜ ገበያ ላይ ማንም አልተከራከረኝም» አለችኝ። «በርበሬ ሲገዛ የማይከራከር ሰው በዚህ አገር አይተሻል? ያቺ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የምትመጣዋ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ለአንድ ጣሳ በርበሬ ደሜን የምታፈላዋ ሴትዮ፣ ያልኳትን ከፍላ እጄን ስማ ሄደች። ያኔ ገባኝ። ድንጋይ የሸጠልኝ ባለሱቅም ቀና ብሎ አላየኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

በርበሬውን ከመሬት ለቀምኩ።

«የሚነግሩኝ ነገ ነው አልኩ» አለች። «ልጄ ነገ ይሞታል፤ ዛሬ ማታ ግን ገና ልጅ አለኝ። አንቺም አንድ ማታ ወንድም ይኑርሽ ብዬ ነው ዘፈን ክፈቺ ያልኩሽ። ስትገቢ ፊትሽን ሳይ ያወቅሽ መሰለኝ፤ ሆኖም ልጅቷ ከቻለች እኔም እችላለሁ አልኩ።»

የለቀምኩትን በርበሬ ሙቀጫው ውስጥ ጨመርኩላት። እናቴ እያየችኝ ቀጠለች።

«እኔ እኮ ያንቺን ትከፍቻለሽ ብዬ ነበር። ያንን ሁሉ ስትጨቃጨቁ ኖራችሁ፤ ለምን የሱን ከፈትሽው?»

«አሸንፎኝ ነው፣ እማ።»

ዘነዘናዋን አነሣች። አንዴ ወቀጠችና ቆመች።

«ምን ያደርጋል» አለች፣ «እሱ አልሰማ።»